ስትሪንግ ስንት ፊደል ይይዛል? በአማርኛ ሲሆን መልሱ ለምን ይለያል

ደሴና ኮምቦልቻ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፣ «ስትሪንግ ቢበዛ ስንት ካራክተር ይይዛል?» የሚል። ስትሪንግ ማለት ፕሮግራም ውስጥ የሚቀመጥ ጽሁፍ ነው፣ ካራክተር ደግሞ በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ፊደል፣ ቁጥር ወይ ባዶ ቦታ። ጎግል ብታደርጉት አንድ ትልቅ ቁጥር ይወጣላችኋል፣ ለጃቫ 2,147,483,647 ይላል፣ ቁጥሩም በመርህ ደረጃ ልክ ነው፣ ግን ሁለት ቢሊዮን ፊደል ያለው ስም ወይ አድራሻ የትም ስለሌለ ለስራ ብዙም አይጠቅምም። በተግባር የሚያስቸግሩን 30፣ 50፣ 255 የሚባሉት ትናንሾቹ ገደቦች ናቸው። እነሱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ «ስንት» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ምን» ብላችሁ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር ላይ አንድ የአይሱዙ ሹፌር «50 ነው የጫንኩት» ቢላችሁ 50 ጆንያ ነው 50 ኩንታል ብላችሁ እንደምትጠይቁት ማለት ነው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ጆንያ የሚቆጥርለት የለም።

ኮምፒውተር ውስጥ ሶስት አይነት ቆጠራ አለ። አንዱ ባይት ነው፣ ሜሞሪና ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ። ሁለተኛው ኮድ ፖይንት ይባላል፣ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ሶስተኛው ሰው በአይኑ አይቶ «ይቺ አንድ ፊደል ናት» የሚላት። በእንግሊዝኛ ሶስቱም አንድ አይነት መልስ ስለሚሰጡ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰራ ሰው ልዩነቱን ሳያስተውል አመታት ሊሰራ ይችላል፣ በአማርኛ የሚሰራ ሰው ግን የመጀመሪያውን ፎርም የሰራ ቀን ነው የሚገጥመው።

«ደሴ» የሚለውን ቃል እንውሰድና ውስጡን እንየው። ሁለት ፊደል ነው። «ደ» ዩኒኮድ ላይ ቁጥሯ 4848 ነው፣ «ሴ» ደግሞ 4660። አንድ ባይት መያዝ የሚችለው ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሆነ 4848ን አንድ ባይት ውስጥ ማስገባት አይቻልም። አሁን ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚሰራበት አጻጻፍ ዩቲኤፍ 8 ነው፣ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ 1992 ላይ የነደፉት፣ እና እሱ ቁጥሩን ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው። 4848 በ0 እና በ1 ሲጻፍ 0001 001011 110000 ነው፣ እንዲታያችሁ ብዬ በ4፣ በ6፣ በ6 ከፋፈልኩት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ፊት 1110 ይለጠፍና 11100001 ይሆናል፣ ይሄ 225 ነው። የሚቀጥሉት ስድስቱ ፊት 10 ይለጠፍና 10001011፣ ማለትም 139። የመጨረሻዎቹም እንደዛው 10110000፣ ማለትም 176። በቃ «ደ» ማለት ዲስክ ላይ 225፣ 139፣ 176 ናት። «ሴ» ደግሞ 225፣ 136፣ 180። መጀመሪያ ላይ ያለው 1110 ለሚያነበው ፕሮግራም «ሶስት ነን፣ አብረህ አንብበን» የሚል ምልክት ነው፣ በ10 የሚጀምሩት ደግሞ ተከታይ ናቸው፣ ብቻቸውን ትርጉም የላቸውም። ይሄን ያዙት፣ በኋላ ስንቆርጥ ይጠቅመናል።

ስለዚህ ደሴ በፊደል 2፣ በባይት 6 ነው። በላቲን ፊደል Dessie ብላችሁ ብትጽፉት ደግሞ 6 ፊደል 6 ባይት፣ ማለትም ዲስኩ ላይ እኩል ነው የሚይዘው። ኮምቦልቻ በፊደል 5፣ በባይት 15፣ በላቲን ደግሞ 9 ፊደል 9 ባይት። የላቲን ፊደሎች ቁጥራቸው ከ128 በታች ስለሆነ አንድ ባይት ይበቃቸዋል፣ እስከ 2047 ያሉት ሁለት ባይት ይፈልጋሉ፣ አረብኛ እዛ ውስጥ ነው፣ ከ2048 እስከ 65,535 ያሉት ሶስት ባይት፣ ግዕዝ እዚህ ጋ ነው ያለው። መድረሳ ገብቶ አረብኛ የሚጽፍ የወሎ ልጅ ወዲያው ሊሞክረው ይችላል፣ «ሰላም» በአረብኛ ፊደል አራት ፊደል ሆኖ 8 ባይት ነው፣ በኛ ሶስት ፊደል ሆኖ 9 ባይት።

እዚህ ላይ የምወደውን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዩኒኮድ ቁጥሮችን የሚጽፈው በ16 ቤት አቆጣጠር ነው፣ እና የ«ሴ» ቁጥር 4660 በዛ አቆጣጠር ሲጻፍ 1234 ነው የሚሆነው። ዓለም ላይ ያለ ፕሮግራመር ለቴስት የሚሆን ላቲን ያልሆነ ፊደል ሲፈልግ በቀላሉ እጁ ላይ የሚመጣለት ባክስላሽ ዩ 1234 ብሎ መጻፍ ነው፣ ፓይተን ራሱ የሚፈተሽባቸው ቴስቶች ውስጥ ጭምር አለች። የደሴዋ «ሴ» አማርኛ አንድ ቃል በማያውቁ ሰዎች ኮድ ውስጥ ስንት ቦታ እንዳለች አስቡት።

ወደ ጉዳያችን። ይሄ ሁሉ የመጣው ከየት ነው ካላችሁ፣ 1963 ላይ የወጣው አስኪ የሚባለው ስታንዳርድ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፣ እሱም ለእንግሊዝኛ ነው። በኋላ ወደ 256 ሲሰፋ እንኳ 33ቱን ፊደል በ7 ስታበዙት 231 ነው፣ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ሳትጨምሩ፣ ላቲኑንም ሳታስቀሩ ከፈለጋችሁ ቦታ የለም። ስለዚህ የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ቦታ ወስደው የኛን ፊደል ምስል አስቀመጡበት፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ኮድ ነው። ለዛ ነው የድሮ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ የሚሆነው፣ እስካሁን እንዲህ አይነት ፋይል ያለው ቢሮ ሞልቷል። ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው 1999 ላይ በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፣ ከ4608 እስከ 4991 ያለው ክልል ተሰጠው። ያኔ የተወሰነ አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ «ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እንደ ሂንዲ ያሉት ጋ አናባቢው ለብቻው ሌላ ኮድ ሆኖ ስለሚመጣ አንድ የምታየው ፊደል ሁለት ሶስት ኮድ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ «ሏ» እንኳን አንድ ኮድ ናት። መዝገበ ቃላት ላይ ለማጥበቂያ ከፊደሉ በላይ የሚደረጉት ነጥቦች ብቻ ለየት ይላሉ፣ እነሱ የራሳቸው ኮድ ስላላቸው ነጥብ ያለበት ፊደል ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ቋንቋዎቹ። ደሴ ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቋቸው ፓይተን 3 ሁለት ይላችኋል፣ የድሮው ፓይተን 2 ግን ዩቲኤፍ 8 ፋይል ላይ ስድስት ነበር የሚለው። ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕትና ሲ ሻርፕም ሁለት ይላሉ፣ ግን እነሱ የሚቆጥሩት የዩቲኤፍ 16 ቁራጮችን ነው፣ እያንዳንዷ 2 ባይት የሆነች፣ ዋናዎቹ የኛ ፊደሎች በአንድ ቁራጭ ስለሚያልቁ ልክ ይመጣል፣ አንድ ኢሞጂ ግን ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ጎ እና ረስት ርዝመቱን ስትጠይቋቸው በባይት ነው የሚመልሱት፣ ስድስት ይላሉ፣ ፊደል ከፈለጋችሁ ለብቻው መጠየቅ አለባችሁ። ፒኤችፒ ላይ ርዝመት የሚለካው ትእዛዝ ስትርሌን 6 ይላል፣ ኤምቢ ስትርሌን 2። ሲ ጋ ደግሞ ርዝመቱ የትም አልተጻፈም፣ መጨረሻው ላይ ዜሮ ባይት ተቀምጦ እሷ እስክትገኝ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ ደሴን ለመያዝ 7 ባይት ያስፈልጋል። ሲ ላይ 20 ያለው የቻር አሬይ፣ ማለትም የ20 ባይት ቦታ፣ አውጃችሁ «20 ፊደል ይበቃል» ካላችሁ በግዕዝ የሚገባው 6 ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈና ካልተጠነቀቃችሁ የጎረቤቱ ሜሞሪ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ይሄ ደግሞ የሴኩሪቲ ቀዳዳ ነው። ጃቫም ያ ሁለት ቢሊዮኑ እንዳለ ሆኖ ኮዱ ውስጥ በጥቅስ የምትጽፉት ጽሁፍ ሌላ ገደብ አለው፣ ኮምፓይል ሲደረግ ከ65,535 ባይት ማለፍ አይችልም፣ በኛ ፊደል 21,845 ማለት ነው። ረጅም የአማርኛ ጽሁፍ ከሆነ ፋይል ላይ አስቀምጡትና አንብቡት።

ሰው የሚጎዳበት ቦታ መቆረጡ ጋ ነው። እንደ ምሳሌ «አብዱረህማን መሐመድአሚን እንድሪስ» የሚል ሙሉ ስም እንውሰድ፣ ወሎ ላይ የተለመደ አይነት ስም ነው። ፊደሉ 19 ነው፣ ሁለት ባዶ ቦታ ሲጨመር 21። በባይት ግን 57 እና 2፣ 59 ነው። ደረሰኝ ላይ ለስም 30 ቦታ ሰጥቶ ሰብስትር በሚባለው የፒኤችፒ መቁረጫ ትእዛዝ የሚቆርጥ ሲስተም አለ እንበል። 21 ካራክተር 30 ውስጥ ዘና ብሎ ይገባል፣ የሰራው ልጅም እንደዛ ነው ያሰበው። ሰብስትር ግን ባይት ነው የሚቆጥረው። «አብዱረህማን» 21 ባይት፣ ባዶ ቦታው 22ኛ፣ «መ» 25 ላይ ታልቃለች፣ «ሐ» 28 ላይ፣ ሁለተኛዋ «መ» ከ29 እስከ 31 ነበረች፣ 30 ላይ ሲቆረጥ ሁለት ባይቷ ቀርቶ ሶስተኛዋ ተጣለች። የሚታየው «አብዱረህማን መሐ» ነው፣ ቀጥሎ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት። የአባት ስም ተሰበረ፣ የአያት ስም ጭራሽ የለም። ከዛ ሰውየው ሌላ መስሪያ ቤት ሄዶ «መታወቂያህ ላይ ያለው ስምና ደረሰኙ ላይ ያለው አይመሳሰልም» ተብሎ ሲመለስ እኮ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ አንድ መስመር ኮድ ነች። ስም የሰው ነገር ስለሆነ ይሄን ቀላል ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ፒኤችፒ ከሆነ ኤምቢ ሰብስትር ተጠቀሙ፣ ጎ ከሆነ ወደ ሩን (ጎ ኮድ ፖይንትን የሚጠራበት ስም ነው) ቀይራችሁ ቁረጡ። የግድ በባይት መቁረጥ ካለባችሁ ደግሞ ቅድም ያዙት ያልኳችሁን ተጠቀሙበት፣ ከሚጣሉት የመጀመሪያውን ባይት እዩ፣ ከ128 እስከ 191 ከሆነ በ10 የሚጀምር ተከታይ ነው ማለት ነው፣ ፊደል መሃል ላይ ናችሁ፣ አንድ ወደ ኋላ፣ አሁንም ከሆነ አንድ ወደ ኋላ። ከላይ ያለው ስም ላይ 31ኛውን ታያላችሁ ተከታይ ነው፣ 30ኛውም ተከታይ ነው፣ 29ኛው 225 ነው፣ እዛ ጋ ቆማችሁ ከሱ በፊት ያለውን 28 ባይት ትይዛላችሁ። ስሙ አሁንም አጥሯል፣ ግን ቢያንስ የተሰበረ ፊደል የለም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰፋ ያለ ቦታ መስጠት ነው።

ዳታቤዝ ላይ ተመሳሳይ የሚመስል ነገር የተለያየ ትርጉም አለው። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ ላይ ቫርቻር (የጽሁፍ ኮለም አይነት ነው) 30 ስትሉ 30 ካራክተር ነው፣ አማርኛ ቢሆንም 30 ይገባል። ኦራክል ላይ ግን ቫርቻር 2 ላይ 30 ብላችሁ ዝም ካላችሁ በዲፎልት ባይት ነው፣ 10 የግዕዝ ፊደል ብቻ፣ ከዛ በላይ ስታስገቡ ኤረር ይሰጣችኋል፣ 30 ቻር ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ማይኤስኪውኤልም ቢሆን ቴክስት የሚለው ታይፕ ላይ ወደ ባይት ይዞራል፣ ቴክስት 65,535 ባይት ነው፣ ታይኒ ቴክስት 255 ባይት፣ ማለትም 85 ፊደል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ ኤንቫርቻር ይሁን፣ ኮዱ ውስጥ የምትጽፉት ጽሁፍ ፊትም ኤን ፊደሏን አትርሱ፣ እሷ ከሌለችና ኮሌሽኑ (የዳታቤዙ የጽሁፍ አያያዝ ምርጫ) ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ አማርኛው ገና ከመግባቱ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ስለ ጥያቄ ምልክት ካነሳን፣ የተበላሸ አማርኛ ስታዩ አይነቱን መለየት ልመዱ፣ መድሃኒቱ ይለያያልና። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ዳታው ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንት ነው፣ ፎንት ጫኑ በቃ። ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ በየሶስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች ዳታው አሁንም ደህና ነው፣ ዩቲኤፍ 8 ሆኖ ሳለ እንደ ምዕራብ አውሮፓ ጽሁፍ እየተነበበ ነው፣ ያቺ ኤ 225 ናት፣ ዋናው ክልል ያሉት የኛ ፊደሎች በሙሉ በ225 ስለሚጀምሩ ነው የምትደጋገመው፣ ኢንኮዲንጉን አስተካክሉት ይመለሳል። ጥቁር ዳይመንድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ፊደል መሃል ተቆርጧል ማለት ነው። ሰልፍ የያዘ ተራ የጥያቄ ምልክት ከሆነና ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ እንደዛ ከተቀመጠ ግን ጽሁፉ የለም፣ ምንም ብታደርጉ አይመለስም፣ ከወረቀቱ እንደገና መጻፍ ነው። ፒያሳ ላለ ሱቅ ወይ ፋርማሲ ሲስተም ሰርታችሁ የደንበኛ ስም የምትመዘግቡ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ የአማርኛ ስም አስገብታችሁ አውጡት፣ ከስድስት ወር በኋላ ከምታገኙት።

ሜሞሪ ላይ ያለው ነገር ብዙ ሰው አያየውም ግን ደስ ይላል። ጃቫ ከ9ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ 2017 ላይ ማለት ነው፣ ስትሪንጉ ሙሉ በሙሉ ላቲን ከሆነ ለአንድ ካራክተር 1 ባይት ብቻ ይይዛል፣ አንዲት «ደ» ከገባች ግን ሙሉው ወደ 2 ይቀየራል። ፓይተንም ከ3.3 ጀምሮ በጣም ሰፊውን ካራክተር አይቶ ለሁሉም 1፣ 2 ወይ 4 ባይት ይመድባል። ስለዚህ 10,000 ካራክተር የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ወደ 10,000 ባይት የነበረው አንድ የአማርኛ ፊደል ሲጨመርበት ወደ 20,000፣ አንድ ኢሞጂ ሲጨመርበት ወደ 40,000 ይሄዳል። ለንጹህ አማርኛ ዩቲኤፍ 16 ከዩቲኤፍ 8 ይቀላል፣ 2 ለ3 ነው፣ ግን ዌብ ላይ ታጉም፣ ሊንኩም፣ ስክሪፕቱም ላቲን ስለሆነ ዩቲኤፍ 8 አያስከፋም፣ ሁሉም ስለሚረዳውም እሱን ብትይዙ ይሻላል።

ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ለምትሰሩ ደግሞ ገደቡ 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ካራክተር ይገባል፣ አማርኛ ሲሆን ግን 70። መልእክቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ መጨረሻው ላይ «እናመሰግናለን» ብትሉ ሙሉ መልእክቱ ወደ 70 ገደብ ይወርዳል፣ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ 67 ብቻ ይገባል፣ ሂሳቡም የሁለት ነው። ግን አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ስለሚል ያን ያህል ኪሳራ አይደለም፣ በኮምቦልቻ ሂሳብ 5 ለ9 ከሄድን 70 የኛ ፊደል ወደ 126 የላቲን ፊደል ገደማ ነው።

የፋይል ስምም አለ። ዊንዶውስ ላይ 255 የዩቲኤፍ 16 ቁራጭ ይፈቀዳል፣ ሊኑክስ ላይ 255 ባይት፣ ማለትም 85 የግዕዝ ፊደል። ረጅም የአማርኛ ስም ያለውን ፒዲኤፍ ከላፕቶፓችሁ ወደ ሰርቨር ስትልኩ «ስሙ ረዘመ» የሚላችሁ በዚህ ነው። ፓስዋርድ ላይ ደግሞ ቢክሪፕት የሚባለው የፓስዋርድ መሰወሪያ ዘዴ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው፣ በአማርኛ 24 ፊደል፣ ብዙ ላይብረሪዎች ከዛ በኋላ ያለውን ዝም ብለው ይጥሉታል።

አንድ የኛው የአጻጻፍ ልማድም ቆጠራውን ያዛባል። አራት ነጥብ የራሷ አንድ ኮድ አላት፣ «።»፣ 3 ባይት። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ነው የሚያደርጋት፣ አይን ላይ አንድ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ጋ ግን ሁለት ካራክተርና 6 ባይት ነው። ፊደል ቆጥሮ «አልፈሃል» የሚል ፎርም ላይ ይሄ ይደመራል፣ ዓረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራም ደግሞ «።»ን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሙሉ ገጹን አንድ ዓረፍተ ነገር ያደርገዋል። ጽሁፍ ስትቀበሉ መጀመሪያ «፡፡»ን በ«።» ተኩና ከዛ ቁጠሩ።

የመጨረሻው፣ ሁሉም የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። 2021 ላይ ዩኒኮድ 14 ለጉራጌኛ የሚሆኑ ተጨማሪ ፊደሎች አስገብቷል፣ ቁጥራቸው ከ65,535 በላይ ስለሆነ በዩቲኤፍ 8 አራት ባይት ናቸው፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ላይም እንደ ኢሞጂ ሁለት ሆነው ይቆጠራሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ በተለምዶ ዩቲኤፍ 8 ተብሎ የሚመረጠው እስከ 3 ባይት ብቻ ስለሚቀበል እነሱን አይዝም፣ ስትሪክት ሞድ (የማይሆን ዳታ ሲመጣ ኤረር የሚሰጠው አሰራር) ካልበራ ደግሞ ከዛች ፊደል ጀምሮ ያለውን ጽሁፍ ይቆርጠዋል። ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 የሚለውን ምረጡ። የቆየ ቨርዥን ላይ ከሆናችሁ ኢንዴክስ (ፍለጋ ማፋጠኛ) የተደረገ ቫርቻር 255 ላይ ኤረር ሊመጣባችሁ ይችላል፣ የኢንዴክሱ ገደብ 767 ባይት ስለሆነ ነው፣ ለ4 ስታካፍሉት 191 ይመጣል፣ ኮለሙን ወደ 191 አውርዱት ወይም ዳታቤዙን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳድጉት።